ፈረስ የሌለባት ደሴት

ቫርደንፌል በምትባለው ደሴት ፈረስ የለም። ላምም የለም። ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው ከከተማ ዳር ወዳለው መሳፈሪያ ይወጣና እንደ ፎቅ ቤት ከፍ ባለ፣ በረጃጅም ቀጫጭን እግሮቹ በቆመ፣ ቁንጫ በሚመስል ፍጡር ጀርባ ላይ ይሳፈራል። የፍጡሩ ቅርፊት ከላይ ተፈልፍሎ የመንገደኛ መቀመጫ ወጥቶለታል። ነጂው ልጓም አይዝም፤ እጁን በተከፈተው ገላ ውስጥ ሰድዶ የውስጥ ሥጋውን እየነካካ ወደሚፈልግበት ይመራዋል። የአገሩ ሰዎች ሲልት ስትራይደር ይሉታል። መንገደኛው ገና ሳያየው በጭጋግ ውስጥ ሲያቃስት ይሰማዋል።

ይህችን ደሴት በዓለም ካርታ ላይ የሚፈልግ አያገኛትም። እ.ኤ.አ. በ2002 ለገበያ የቀረበው «ሞሮዊንድ» የተባለ የኮምፒውተር ጌም የፈጠራት ናት። ሙሉ ስሙ «ዘ ኤልደር ስክሮልስ 3፦ ሞሮዊንድ» ነው። ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕርይ ይቀርጻል፤ ስም፣ ዘርና ሙያ ይሰጠዋል፤ ከዚያም ወደ ሰፊ ምናባዊ አገር ይገባል። ወዴት እንደሚሄድ፣ ከማን ጋር እንደሚወዳጅ፣ ዋናውን ታሪክ ይከተል ወይም ይተው እንደሆነ የሚወስነው ራሱ ነው። ሥነ ጽሑፍ ወዳዶች ዘንድ ስለ ጌም መጻፍ ለአንዳንድ አንባብያን ግር ሊል እንደሚችል አላጣሁትም። ይሁን እንጂ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደዚህ ጌም ተመልሼ ስመለከተው፣ መልኩ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ልቦለድና ግጥም ከሚያነሷቸው ብዙም የራቁ ሆነው አላገኘኋቸውም። ፈጽሞ ያልነበረ አገር እንዴት ሊታመን ይችላል? በዚያ አገርስ እንግዳው ማን ነው?

ከታሪኩ ልጀምር። ጌሙን የሠራው ቤቴስዳ የተባለው ድርጅት ነው። ድርጅቱ ስሙን የወሰደው በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት ከምትገኘው ከተማ ሲሆን፣ የከተማዋም ስም ምንጩ በዮሐንስ ወንጌል የተጠቀሰችው መጠመቂያ ናት፤ በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቤተ ሳይዳ የተባለችው። ድርጅቱ በኋላ የሰፈረባት ሮክቪል ደግሞ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባት ከሲልቨር ስፕሪንግ ጋር በአንድ የአስተዳደር ክልል ውስጥ ትገኛለች። በዚያ አካባቢ ያላችሁ አንባብያን ምናልባት ሳታውቁት በደጃፉ አልፋችሁ ይሆናል።

ከሞሮዊንድ በፊት እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው «ዳገርፎል» እጅግ ግዙፍ ነበር። ሠሪዎቹ ስፋቱን ከታላቋ ብሪታንያ ጋር ያነጻጽሩት ነበር። ከ15,000 በላይ ከተሞች፣ መንደሮችና ዋሻዎች ነበሩት። ይህን ሁሉ ግን ሰው በእጁ አልሠራውም፤ አብዛኛውን ኮምፒውተሩ በቀመር እያባዛ ያወጣው ነው። አንዱን መንደር ያየ ተጫዋች አሥረኛውን ለማየት አይጓጓም ነበር። ቁጥር የዕለት እንጀራዬ ስለሆነ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ እኔን እንዲህ ያለ ስፋት አስደንቆኝ አያውቅም፤ በአንድ አኃዝ ኋላ ዜሮ መደርደር ብዙ ድካም የለውም።

ከዳገርፎል በኋላ ድርጅቱ ክፉ ቀን መጣበት። እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ1998 ያወጣቸው ሁለት ጌሞች የታሰበውን ያህል አልተሸጡም፤ ድርጅቱም ለመክሰር ተቃረበ። እ.ኤ.አ. በ1999 ዜኒማክስ በተባለ አዲስ ኩባንያ ሥር ገባ። የሞሮዊንድ ሥራ መሪ የነበረው ቶድ ሃዋርድ በኋለኞቹ ዓመታት በሰጣቸው ቃለ ምልልሶች፣ የሚያጡት ነገር ስላልነበራቸው እንደ ልባቸው ለመሥራት መድፈራቸውን ደጋግሞ ተናግሯል። መጀመሪያ መላውን የሞሮዊንድ ክፍለ ሀገር ለመሥራት ታስቦ ነበር፤ ኋላ ግን በመካከሉ ባለችው ደሴት ብቻ ተወሰኑ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ከታላቋ ብሪታንያ ጋር ይነጻጸር የነበረው አገር ከዳር እስከ ዳር ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ወደሆነች ደሴት ተሰበሰበ፤ በምትኩ እያንዳንዱ ድንጋይ፣ እያንዳንዱ ማሰሮና እያንዳንዱ ሻማ በሰው እጅ እየተመረጠ ተቀመጠ።

ከሠሪዎቹ መካከል ሁለት ሰዎችን ብቻ ልጥቀስ። ኬን ሮልስተን ኮምፒውተር ከመስፋፋቱ በፊት በወረቀትና በዳይ የሚካሄዱ የሚና ጨዋታዎችን ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው፤ የሞሮዊንድ ዋና ንድፍ አውጪ እርሱ ነበር። ማይክል ከርክብራይድ ደግሞ ሠዓሊም ጸሐፊም ነበር። ጌሙ ከመውጣቱ በፊት ድርጅቱን ቢለቅም የደሴቲቱ መልክ በአብዛኛው ከእርሱ እርሳስ የወጣ ነው። ሥዕልና ጽሑፍ በአንድ ሰው እጅ መገናኘታቸው በውጤቱ ላይ በግልጽ ይታያል፤ በዚህች ደሴት የተሣለ ነገር ሁሉ የሚነገር ታሪክ አለው።

በደሴቲቱ መካከል ቀይ ተራራ የተባለ እሳተ ገሞራ ቆሟል። ከእርሱ የሚወርደው አመድ ሰፊውን ምድር ለእርሻም ለግጦሽም የማይመች አድርጎታል። ሠዓልያኑ ከዚህ ተነሥተው፣ «እንግዲያው እዚህ የሚኖር ሕዝብ በእጁ ያለው ምንድን ነው?» ብለው የጠየቁ ይመስላል። መልሱ ነፍሳት፣ ቅርፊት ለባሽ ፍጥረታትና እንጉዳይ ነው። ሕዝቡ የሚበላው፣ የሚለብሰው፣ የሚሳፈረውና የሚያድርበት ከእነዚህ ይወጣል። ክዋማ የሚባሉት ነፍሳት ከመሬት በታች ይራባሉ፤ እንቁላላቸው ልክ እንደ ወርቅና እንደ ብረት ከማዕድን ጉድጓድ እየወጣ ለገበያ ይቀርባል፤ ጉድጓዱም ባለቤት፣ ሠራተኛና ኪሳራ አለው። ኔች የተባለው ጄሊፊሽ መሳይ ፍጡር በአየር ላይ እየተንሳፈፈ ይኖራል፤ ከቆዳው ልብስና ጥሩር ይሰፋል። ብረት መግዛት የማይችል ተዋጊ ከነፍሳት ቅርፊት የተቀረጸ ጥሩር ይለብሳል። እኔን ከሁሉ በላይ የማረከኝ ይህ ነው፤ እንግዳ የሆነው መልክ ለማስደነቅ ብቻ የተሣለ ጌጥ ሳይሆን ከሕዝቡ ኑሮ የበቀለ ነው። ቅርፊቱ መጀመሪያ እንስሳ ነበር፤ ቀጥሎ ምግብ፣ ቀጥሎ ልብስ፣ በመጨረሻም ጣሪያ ሆነ።

ጣሪያ ካልኩ አይቀር ወደ ቤቶቹ ልለፍ። ደሴቲቱን ሦስት ታላላቅ የመኳንንት ቤቶች ይከፋፈሏታል። ሬዶራን የተባሉት ጦረኞች በአመዱ ምድር ይኖራሉ። ዋና ከተማቸው በአልድሩን ያሉት ቤቶች የጥንዚዛ ጀርባ ይመስላሉ፤ ነፋሱን ላለመጋፈጥ ወደ መሬት ያጎነበሱ ናቸው። ባላባቶቹ የሚኖሩት ግን ስካር በሚባል ስፍራ ነው (በአማርኛ የሚሰጠውን ትርጉም ለጊዜው ተዉትና)፤ ስካር በጥንት ዘመን የሞተ የአንድ ግዙፍ ሸርጣን ቅርፊት ነው። የሞተው እንስሳ ሆድ ውስጥ ድልድይ ተዘርግቶ በዙሪያው የባላባቶች ደጃፍ ተከፍቷል። ህላሉ የተባሉት ነጋዴዎች በወንዝ ዳር በባልሞራ ከተማ ጠፍጣፋ ጣሪያ ባላቸው፣ ጌጥ በሌላቸው፣ የጭቃ ቀለም ባላቸው ቤቶች ይኖራሉ፤ ገንዘቡ ከውስጥ ነው። ቴልቫኒ የሚባሉት ጠንቋዮች ደግሞ ቤት አይሠሩም፤ ያበቅላሉ። ግንባቸው በአስማት ያደገ ግዙፍ እንጉዳይ ነው። ከሁሉም የሚያስቀው፣ ጌታው ወዳለበት ወደ ላይኛው ክፍል የሚያወጣ ደረጃ የሌለው መሆኑ ነው። መንሳፈፍ የሚያስችል አስማት የሌለው ባለጉዳይ ከታች ሆኖ ያንጋጥጣል። የአለቃን ቢሮ ደጅ የጠና ሰው ይህን ንድፍ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ስለዚህም ተጫዋቹ ወደ አንድ ከተማ ሲገባ፣ ማንንም ሳያናግር፣ ማን እንደሚገዛው ከግድግዳው ያነባል።

አሁን ዋናው ነገሬ ላይ ደረስሁ። በዚህች ደሴት ላይ አራተኛ ዓይነት ሕንፃም አለ፤ ከተጠረበ ድንጋይ የተገነባ፣ ማዕዘኑ ላይ ክብ ማማ ያለው፣ የአውሮፓን የመካከለኛ ዘመን ግንብ የሚመስል። ይህ የንጉሠ ነገሥቱ ወታደሮች ምሽግ ነው። ደንመር የሚባሉት፣ ቆዳቸው አመድማ ዓይናቸው ቀይ የሆነ የአገሩ ተወላጆች ከባሕር ማዶ ላለ ንጉሠ ነገሥት በውል አድረዋል፤ ምሽጎቹም የዚያ ውል ማስታወሻ ናቸው። እስቲ አስቡት። በዚያን ዘመን በነበሩት በብዙዎቹ ምናባዊ ጌሞች የድንጋይ ግንብ ማለት አገር ቤት ነው፤ ጀግናው ከዚያ ይነሣል፣ እንግዳውና አስፈሪው ነገር ከግንቡ ውጭ ይጠብቀዋል። ሞሮዊንድ ይህን ሥርዓት ገለበጠው። የለመድነው የፈረንጅ ተረት ግንብ እዚህ የባዕድ ሆነ፤ በእንጉዳይና በቅርፊት መካከል ሲታይ ያለቦታው የተተከለ፣ ግትርና ትዕቢተኛ ይመስላል። ቴል ቮስ በሚባለው ስፍራ ደግሞ ሁለቱ ተያይዘዋል፤ በንጉሠ ነገሥቱ ሥርዓት የተሠራውን የድንጋይ ምሽግ የቴልቫኒ እንጉዳይ ሥሩን ሰድዶ ግድግዳውን እየሰነጠቀ ወጥቶበታል። ስለ ቅኝ አገዛዝ ብዙ ገጽ ያነበብኩ ሰው ነኝ፤ እንደዚያ ሕንፃ በአንድ እይታ ነገሩን ያስረዳኝ ግን ብዙ አይደለም።

ጌሙን ያገኘሁት በ1998 ዓ.ም. ግድም፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ነው። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ ሲዲ ነበር። ከዚያ በፊት የተጫወትኳቸው ጌሞች ሁሉ አንድ ነገር ይጠብቁብኝ ነበር፤ የአውሮፓን ተረት ከእናቴ ጭን ጀምሮ እንደሰማሁ ያስባሉ። ባላባቱ፣ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት፣ ከጫካው የሚወጣው ተኩላ፣ ሁሉም ለአንድ የእንግሊዝ ልጅ የቤቱ ዕቃዎች ናቸው፤ እኔ ግን በትርጉም የማውቃቸው ነበሩ። ቫርደንፌል ላይ ስደርስ ይህ ልዩነት ጠፋ። የለንደኑም የአዲስ አበባውም ልጅ ከአንዲት የእስረኞች መርከብ ወርዶ ሴይዳ ኒን በምትባል የረግረግ መንደር ይቆማል፤ ሁለቱም ክዋማ ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ሁለቱንም የአገሩ ሰዎች በንቀት ዓይን እያዩ መጤ ይሏቸዋል። በጌም ዓለም ከማንም እኩል እንግዳ የሆንኩት ያን ጊዜ ነው።

እንዲያውም በአንድ ነገር ብልጫ ሳይኖረኝ አልቀረም። በሞሮዊንድ መድረሻን የሚያመለክት ቀስት የለም። ሰዎች መንገዱን በቃል ይነግሩሃል፤ ድልድዩን ተሻገር፣ ወንዙን በግራህ አድርገህ ውረድ፣ ከዚያ የሞተ ዛፍ ታያለህ፣ ካጣኸው እዚያ መጠጥ ቤት ገብተህ ጠይቅ። የተነገረህ ሁሉ በማስታወሻ ደብተር ላይ ይሰፍራል። አንዳንዱ አቅጣጫ ደግሞ እጅግ ድፍን ስለነበር ተጫዋቹን ያንከራትተው ነበር። ፈረንጆቹ ተጫዋቾች በዚህ ያማርሩ እንደነበር ኋላ አነበብሁ። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር በማይጠራበት ከተማ ላደገ፣ «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብለህ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት» እየተባለ ለተላከ ልጅ ግን ይህ የዘወትር ሥራ ነው። መልክና አቅጣጫ በዚህ ጌም የተሳሰሩ ናቸው። ቀስት ስለሌለ ዓይንህ ከስክሪኑ ጥግ ላይ አይተከልም፤ ዛፉን ማየት አለብህ፣ ድንጋዩን ከሌላ ድንጋይ መለየት አለብህ። አገሩን የምታየው ስለሚያስፈልግህ ነው።

ውበቱን ብቻ አውርቼ ማለፍ አልፈልግም። የሰዎቹ ፊት ያኔም ቢሆን የደረቀ እንጨት ነበር፤ አረማመዳቸውም ወገቡን የታመመ ሰው ይመስላል። ሰይፍህ ጠላትህን ሲያልፍበት በዓይንህ እያየህ የተደበቀው ዳይ አልመታህም ሊልህ ይችላል። ክሊፍ ሬሰር የተባሉት ክንፋም አውሬዎች በየኮረብታው ከሰማይ እየወረዱ ሰላም አይሰጡም፤ ስማቸው እስከ ዛሬ በተጫዋቾች ዘንድ የእርግማን ያህል ነው። የሚያሳዝነኝ ደግሞ ሲልት ስትራይደር ነው። ያ ሁሉ እግር እያለው በጌሙ ውስጥ አንድ እርምጃ እንኳ አይራመድም። ሒሳብህን ትከፍላለህ፣ ስክሪኑ ይጨልማል፣ ሌላ ከተማ ትገኛለህ። በዘመኑ ኮምፒውተር ሊራመድ የሚችልበት መንገድ አልነበረም መሰለኝ። በአንጻሩ ውኃው የዘመኑ ጉድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውን ዓይነት አዲስ ግራፊክስ ካርድ ያለው ሰው ሰማዩን በሚያንጸባርቀውና በሚያረግደው ውኃ ዳር ቆሞ ይደነቅ ነበር። እኛ የተጫወትንበት ኮምፒውተር ያን አልነበረውም፤ የእኛ ውኃ ሰማያዊ ምንጣፍ ነበር።

የደሴቲቱ መልክ ወደ ሥነ ጽሑፍ በጣም የሚጠጋበት አንድ ስፍራ አለ። በደቡብ ዳርቻ፣ በባሕር ውስጥ፣ እንደ ደረጃ የተደራረቡ ግዙፍ የድንጋይ ሕንፃዎች የቆሙባት ከተማ አለች። ስሟ በውስጧ በሚኖረው አምላክ ስም ቪቬክ ተብሏል። ቪቬክ ተዋጊም ባለቅኔም ነው፤ በቤተ መንግሥቱ እግሩን አጣጥፎ በአየር ላይ ተንሳፍፎ ይገኛል። ገላው ከመካከል ተከፍሎ ግማሹ ወርቃማ፣ ግማሹ አመድማ ነው። ይህ እንዲሁ ለዓይን የተደረገ አይደለም። በአገሩ ታሪክ መሠረት ሕዝቡ ቀድሞ ወርቃማ ነበር፤ ኔሬቫር የተባለው መሪያቸው ከሞተ በኋላ በእርግማን አመድማ ሆነ። ኔሬቫር እንዴት እንደሞተ ደግሞ መላ ጌሙ የሚከራከርበት ጉዳይ ነው፤ አንዱ መጽሐፍ በጦርነት ቆስሎ ነው ይላል፣ ሌላው ወዳጆቹ ገደሉት ይላል። እንግዲህ የአምላኩ ገላ ራሱ ከእርግማኑ በፊትና በኋላ ያለውን ዘመን ጎን ለጎን ተሸክሞ ይኖራል። ያን ገላ አይቶ የማይጠይቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም።

ቪቬክ ደርሷቸዋል የሚባሉ 36 ስብከቶች በደሴቲቱ ላይ ተበታትነው ይገኛሉ፤ በእውነቱ የጻፋቸው ከርክብራይድ ነው። ለመረዳት እጅግ የሚያስቸግሩ፣ በምሳሌና በእንቆቅልሽ የታጨቁ ናቸው። የመጨረሻውን ስብከት ወስዶ የየአንቀጹን የመጀመሪያ ፊደል ወደ ታች ያነበበ ሰው ግን ግድያን የሚናገሩ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ያገኛል። አምላኩ በአደባባይ የካደውን በፊደል አቀማመጥ ተናዘዘ። ቅኔ ቤት ባልውልም ሰምና ወርቅ በሚባልበት አገር ያደግሁ ነኝና ይህን ባወቅሁ ጊዜ ተነሥቼ በክፍሌ ውስጥ ተንጎራድጃለሁ። ግጥም መሞከር የጀመርኩትም በዚያው ሰሞን ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎቼ ሁሉ የተደበቀ ስም ነበራቸው፤ የማን ስም እንደነበረ አንባቢ ቢገምት አይሳሳትም።

ከሞሮዊንድ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2006 ተከታዩ «ኦብሊቪየን» ወጣ፤ ታሪኩ የሚካሄደው በንጉሠ ነገሥቱ አገር በሲሮዲል ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው አንድ አነስተኛ መጽሐፍ ሲሮዲል የጥቅጥቅ ደን አገር ተብሎ ተጽፎ ነበር። ጌሙ ሲመጣ ግን አረንጓዴ መስክ፣ የኦክ ጫካና የድንጋይ ግንብ ሆነ። ፈረስ መጣ። መድረሻን የሚያመለክት ቀስትም መጣ። የ«ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» ፊልሞች ከ2001 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. የዓለምን ዓይን በዚያ መልክ አስለምደውት ስለነበር ነጋዴ የለመደውን ቢከተል አልፈርድበትም። ጌሙ እጅግ ብዙ ተሸጠ፤ ብዙ ሰውም ከልቡ ወደደው። ለእኔ ግን መጤው ወደ አገሩ የተመለሰበት፣ ሁሉም ነገር ለባለ ግንቡ ቤቱ የሆነበት ጌም ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በኢንተርኔት የሚካሄደው የተከታታዩ ጌም ወደ ቫርደንፌል ተመለሰ፤ ዘመኑ ከሞሮዊንድ 700 ዓመት ያህል ቀድሞ ስለሆነ የቪቬክ ከተማ ገና በግንባታ ላይ ናት። እንጉዳዮቹ አሉ፣ ቅርፊቱም አለ። ሁሉም ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ በሩቅ ጥርት ብሎ ይታያል። ስዞርበት የደስ ደስ ነበረው፤ ሙዚየም የመጎብኘት ያህል።

«በሩቅ ጥርት ብሎ» ያልሁት ያለምክንያት አይደለም። የድሮውን ሞሮዊንድ መልክ ከሁሉ በላይ የሠራው ማንም ሠዓሊ ያልሣለው ነገር ነውና፤ ጭጋጉ። የዘመኑ ኮምፒውተር ሩቅ ያለውን ምድር የመሣል አቅም አልነበረውም። ኤክስቦክስ የሜሞሪው መጠን 64 ሜጋባይት ብቻ ነበር፤ ሜሞሪው ሲሞላ ተጫዋቹ «እየተጫነ ነው» የሚለውን ምስል እያየ ሳለ ማሽኑ በስውር ጠፍቶ እንደገና ይነሣ እንደነበር ሃዋርድ ራሱ ተናግሯል። ስለዚህ ጌሙ ከተጫዋቹ ዙሪያ የአንድ እግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ያህል ብቻ ይሥልና የቀረውን በጭጋግ ይሸፍነዋል። የሚቀጥለው ዛፍ ከጭጋጉ ይወጣል፤ ያለፍከው ወደ ኋላ ይጠፋል። አመድ አውሎ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ እርሱም ይጠብባል፤ መንገደኛው ሁሉ ክንዱን ፊቱ ላይ አንሥቶ ነፋሱን እየተጋፈጠ ይሄዳል። ሠሪዎቹ ከዚህ ጋር ተስማምተው ነበር የሠሩት። መንገዱን ጠመዝማዛ አደረጉት። በከተሞች መካከል ተራራ አቆሙ፤ ፎያዳ የተባሉ፣ ከቀይ ተራራ የወረደ እሳት የቆረጣቸው ጠባብ ሸለቆዎች አሰመሩ። ጥቂት ኪሎ ሜትር የሆነች ደሴት የአንድ ክፍለ ሀገር ያህል የምትሰፋው በዚህ ነው።

ጥቂት ዓመት እንዳለፈ ወዳጆቹ ጭጋጉን የሚያነሣ ፕሮግራም ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ጌሙን በአዲስ ኢንጂን ላይ የሚያስኬድ፣ ኦፕን ኤም ደብሊው የተባለ፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሥራ ተጀመረ፤ እርሱም የሩቁን ምድር ያሳያል። ሰሞኑን ወደ ደሴቲቱ ስመለስ መጀመሪያ የሞከርኩት በዚህ ነው። ከሴይዳ ኒን በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ወጣሁ። የቪቬክ ከተማ እዚያው አጠገቤ ነበረች። በልጅነቴ አንድ ምሽት ሙሉ የተጓዝኩበት መንገድ ከዚህ ማዶ እስከዚያ ማዶ ታየኝ። ቀይ ተራራም ከነጭሱ ቆሟል፤ ከየትም ይታያል።

ለዚህኛው ወገን የሚነገር ቁም ነገር እንዳለ አልክድም። የጌሙ ታሪክ በሙሉ በዚያ ተራራ ላይ የሚያጠነጥን ነው፤ በተራራው ጥላ ሥር የሚኖር ሕዝብ ተራራውን በየቀኑ ቢያይ ተገቢ ነው። ከርክብራይድና ጓደኞቹ አቅሙ ቢኖራቸው ኖሮ ራሳቸው ያሳዩን እንደነበር እገምታለሁ። ጭጋጉ የእነርሱ ምርጫ ሳይሆን የማሽኑ ነበር፤ ታዲያ የማሽን ድክመት እንደ ጥበብ ሊከበር ይገባልን? የሚል ሰው ቢመጣ ፈጣን መልስ የለኝም። እኔ የምለው ግን የሠሪዎቹን ሥራ ተመልክቼ ነው። ድክመቱን አውቀው በእርሱ ልክ ሠርተዋል። ሸለቆው የተቆረጠው፣ መንገዱ የተጠማዘዘው፣ ዛፉ እዚያ የተተከለው፣ የመንገድ አመልካቹ ሰሌዳ መንታ መንገድ ላይ የቆመው ተጫዋቹ ሩቅ እንደማያይ ታውቆ ነው። ጭጋጉ ሲነሣ እነዚህ ሁሉ ሥራ ፈት ሆኑ። ባለቅኔ ቤት ለመምታት ሲል የመረጠውን ቃል፣ ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ብቻውን እንደማየት ነው።

ይህ ለእኔ ተራ የጣዕም ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 ሚያዝያ ወር ኦብሊቪየን በአዲስ ኢንጂን ተሠርቶ፣ እያንዳንዱ ቅጠል ብርሃን እየጠጣ እንደገና ወጣ። ነገ ሞሮዊንድም በዚሁ መንገድ ይሠራ ይሆናል። ያን ጊዜ ከፊታቸው የሚቆመው ጥያቄ የቅርፊቱን ጭረትና የእንጉዳዩን ርጥበት እንዴት አሳምሮ ማውጣት እንደሚቻል አይደለም፤ እርሱን እንደሚያሳምሩት አልጠራጠርም። ከሩቅ በሚታይ ደሴት ላይ መንገድ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል ወይ ነው ጥያቄው። የጠየቀስ እንደሆነ ያ የደንመር ገበሬ «የሞተውን ዛፍ ስታይ ወደ ግራ» ማለቱ ምን ይረባዋል? ተጫዋቹ ዛፉን፣ ከዛፉ ኋላ ያለውን ኮረብታ፣ ከኮረብታው ኋላ ያለችውን ከተማ አስቀድሞ አይቷቸዋል።

በአዲሱ ኢንጂን ላይ የእይታን ርቀት የሚወስን አንድ ማስተካከያ አለ። ለጥቂት ቀናት ወደፊትና ወደ ኋላ ስጎትተው ሰነበትሁ። በመጨረሻ ውኃውን አዲሱን ተውሁት፤ ያን በልጅነቴ አላገኘሁትምና አሁን ቢቀርብኝ አልወድም። የእይታውን ርቀት ግን እ.ኤ.አ. በ2002 ወደነበረበት መለስሁት። አሁን ከሥራ በኋላ ማታ ማታ የምሄደው ከባልሞራ በስተሰሜን ምሥራቅ በሚወጣው ፎያዳ ነው፤ ግራና ቀኙ ጥቁር አለት ነው፣ ከፊቴ አንድ ሜዳ ያህል አመድ ይታየኛል፤ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ የሰፈረውን የመንገድ ምልክት ገና አላገኘሁትም።